ሣሩ ላይ ለቅሶ ተቀመጥን

ያን ጊዜ ሥራዬ መጠየቅ ነበር። ብዙ ማውራት ለማይወድ ሰው የማይሆን ሥራ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ልኬ ነበር። የሚጠይቅ ሰው ጠይቆ ሲያበቃ ዝም ብሎ መስማት ይፈቀድለታል።

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እንግሊዝኛውንም፣ ኮምፒዩተሩንም፣ የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጡንም ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮችና ከስልኬ ላይ ለቃቅሜ ያገኘሁት ነው። ሰው የተናገረውን ስገለብጥ ሳሉን እንኳ አላልፍም፤ «እዚህ ላይ ሳለ» ብዬ አስገባለሁ። ጥናቱን የምትመራው ሐኪም፣ እዚህ ዶክተር ሰብለ የምላት፣ የቀጠረችኝ በዚህ ጠባዬ ነው። «አንቺ በለኝ» ብላ ስላስገደደችኝ እዚህም እንደዚያው እላታለሁ።

ጥናቱ አዳዲስ ኬሚካሎችን ስለሞከሩ የአራዳ ወጣቶች ነበር። የጫትና የአረቄ ነገር አይደለም። ውጭ አገር ለምርምር ተብለው የተሠሩ፣ ከዚያ በጓሮ በር ወጥተው ትንንሽ ወረቀት ላይ ተነክረው የሚዞሩ፣ ዓይን የማያየውን የሚያሳዩ ነገሮች ናቸው። ልጆቹ «ቴምብር» ይሏቸዋል። ውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅ፣ ገዢውም አያውቅ። ዶክተር ሰብለ ማወቅ የፈለገችው የሞከሩት ሰዎች ምን እንዳዩ፣ ምን እንዳስፈራቸውና ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ ነው። ስም አንመዘግብም፤ ለማንም አንናገርም።

ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ሳይፈርስ ከተረፈ አሮጌ ፎቅ ቤት ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። እስከ ወለሉ የሚደርስ መስኮት ነበራት። ቁልቁል ስታዩ አዲስ የሰፋው አስፋልት፣ ከአስፋልቱ ቀጥሎ የእግረኛ መንገድ፣ ከእሱ ወዲያ ደግሞ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ሣር ይታያል። እኔ የሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ልጅ ነኝ። እዚያ ሣር ላይ ድሮ የነበረው መንደር ውስጥ ገብቼ አላውቅም። አንድ መንደር እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ ማንም ያውቃል።

ቢኒ የምለው ልጅ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። ስሙ ይህ አይደለም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥፍሮቹ ሥር የመኪና ቀለም ያለበት ወጣት ነው፤ ጋራዥ ውስጥ መኪና ይቀባል። በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ።

«የጥያቄ ቤት እዚህ ነው?»

«አዎ፤ ግባ። ቁጭ በል።»

«ቢኒ እባላለሁ። ውይ፣ ስም አይባልም ለካ! በቃ ማንም አይደለሁም።»

ሳቅሁ። መቅጃውን ከፍቼ የፈቃዱን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። «በዚህ ጥናት የሚሳተፉት በራስዎ ፈቃድ ነው። መመለስ የማይፈልጉትን ጥያቄ...»

«ቆይ፣ ቆይ አለቃ» አለ እጁን አንሥቶ። «በሩ ላይ አንተ ነበርኩ። ወንበሩ ላይ እርስዎ ሆንኩ። መሃል ላይ ምን ተሾሜ ነው?»

«ወረቀቱ ነው እንዲህ የሚለው።»

«እንግዲያው ለወረቀቱ እርስዎ ልሁንለት፣ ለአንተ አንተ።»

እንዲህ ዓይነት ልጅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች እየቀለደ አለፋቸው። ከዚያ «ባለፈው ወር ከባድ ሐዘን አጋጥሞዎታል?» የሚለው ደረሰ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ዓይኑ ግን ሄደ።

«ያሳደገችኝ ሴት ሞታለች። እማማ ዘነቡ። እናቴ እኔን ለእሷ ትታ ነው ዓረብ አገር የሄደችው። የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው።»

«እንዴት በኋላ?»

«ድሮ ሰው ሲሞት በሌሊት ጡሩምባ ይነፋል፤ አልጋህ ላይ ሆነህ ማን እንደሞተ ትሰማለህ። አሁን ሰፈሩ ፈርሶ እኔ የካ አባዶ፣ ጎረቤታችን ገላን፣ የእድሩ ዳኛ ደግሞ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ጡሩምባ ነፊው ለማን ይንፋ? ልጇ ጋ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሞተችው። አንድ ሰው መርካቶ አግኝቶኝ “ነፍስ ይማር” አለኝ። “ማንን?” አልኩት።»

«ለቅሶ አልደረስክም?»

«በምን ፊቴ? ከስንት ጊዜ በኋላ?»

ጻፍኩ። የምጽፈው ነገር ሲኖር ምን ማለት እንዳለብኝ ስለማያስጨንቀኝ ብዕር እወዳለሁ። ቀጥሎ ያለውን ጠየቅሁት። «ለመጨረሻ ጊዜ የወሰዱት መቼ ነው?»

«ዛሬ።»

ቀና አልኩ። «ዛሬ መቼ?»

«አውቶቡስ ውስጥ። ወደዚህ ስመጣ።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የዓይኑን ብሌን አየሁ። ቡናማው ጠፍቶ ጥቁሩ ሰፍቷል፤ መስኮቱ በሙሉ እዚያ ውስጥ ይታያል።

«ቢኒ፣ ለምን?»

«አንተ አይደለህ እንዴ በስልክ “ግምት አልፈልግም፣ በትክክል ንገረኝ” ያልከኝ?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቅያሜ አልነበረም። «ካየሁት ቆየ። ረስቻለሁ። ሰው ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራውን ሥራ በቅጥፈት ከማበላሽበት አንዲት ቀርታኝ ነበር፣ ወሰድኳት። ትኩስ ትኩሱን ልነግርህ።»

አንባቢዬ፣ እስካሁን ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ነው። ልጁ ያደረገው ለይሉኝታ ነው። እንግዳ የጠየቀውን ነገር አሮጌውን ከማቅረብ አዲስ እንደማቅረብ።

መቅጃውን አጠፋሁ። ያን ማጥፋት ነበረብኝ፤ በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ፣ በሩን ክፍት አድርጌ ለዶክተር ሰብለ ደወልኩ።

«ልብ ብለህ ስማኝ» አለች። «የወሰደው ምን እንደሆነ አናውቅም። እንደዚህ ባለ ነገር ልቡ የቆመ ሰው አይቻለሁ፤ ከፎቅ የዘለለም አይቻለሁ። ብቻውን አትተወው። አትከራከረው። “ያየኸው ነገር የለም” አትበለው። ውሃ ስጠው። መስኮቱን ዝጋው።»

«አንቺ የት ነሽ?»

«ሳሪስ ነኝ። መንገዱ ተዘግቷል። እስክደርስ ሰውዬው በሕይወት ይቆየኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ትንፋሹ ከተቀየረ አምቡላንስ ጥራ።»

ስመለስ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። ሮጬ ዘጋሁት። አላየኝም። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ቁልቁል ወደ ሣሩ ያያል።

«ቆርቆሮዋን አዲስ አድርገውላታል» አለ በሹክሹክታ። «ደግ ሰዎች ናቸው። አየህ እንዴት እንደሚያበራ?»

ታች የሚያበራ ቆርቆሮ የለም። ሣር ነው ያለው። ቢሆንም የዶክተሯ ቃል ትዝ አለኝ። «የማንን?» አልኩት።

«የእማማን። ሰው ገና አልመጣም። ለቅሶ ልድረስ።»

«ትንሽ ቆይተን እንሂድ። ውሃ ጠጣ።»

ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፤ ከዚያ ወጣ። ልይዘው ክንዱን ጨበጥኩ፤ እንደ ሕፃን እጅ በቀስታ አላቀቀኝ። ከእኔ እጥፍ ጉልበት አለው። የእንጨቱን ደረጃ እያንዳንዱን እየረገጠ፣ ሳይቸኩል ወረደ። እኔ ከኋላው ነኝ።

ውጭ ፀሐይ ነበር። በሩ ላይ ቆም ብሎ ግራና ቀኝ አየ፣ መኪና እንደሚያይ ሰው ሳይሆን መንገድ እንደሚለይ ሰው። ከዚያ መሄድ ጀመረ። ቀጥ ብሎ አልሄደም። የሌለ ግድግዳ እየታከከ ትንሽ ሄደ፣ በሌለ ጥግ ዞረ፣ አንድ ቦታ ላይ ጉድጓድ እንደሚዘል ተራመደ። ሰዎች ቆመው ያያሉ። አንዱ «ይሄ ደግሞ ምን ቀምሶ ነው!» አለ። እሱ ግን ለሁሉም በአንገቱ ሰላምታ እየሰጠ አለፈ። ወደ አስፋልቱ ሲወርድ ጃኬቱን ያዝኩ፤ እጄ ላይ ጥሎት ሄደ።

የመጀመሪያው ሚኒባስ ጎማው ጮኸ። ሁለተኛው ጡሩምባውን ነፋ። ቢኒ መንገዱን ግማሽ አለፈና ከወዲያኛው ጠርዝ ትንሽ ሲቀረው፣ መኪናዎች ቁልቁል በፍጥነት በሚወርዱበት መስመር ላይ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱን ወደ ሣሩ አዞረ። እጆቹን ከፊቱ አጣመረ። ከዚያ በሚያምር፣ በለዘበ ድምፅ ተጣራ።

«ቤቶች!»

ገባኝ። መንገዱ ሲሰፋ የእማማ ዘነቡ የግቢ በር አስፋልት ውስጥ ገብቷል። ልጁ የቆመው በሩ ላይ ነው።

«ቢኒ፣ እንሻገር! መኪና አለ!» ብዬ በሁለት እጄ ጎተትኩት። እንደ ምሰሶ ነው።

«ሳይመልሱልኝ?» አለ ገርሞት። «ሰው ቤት ሳይመለስልህ ትገባለህ እንዴ አንተ?»

«ለቅሶ ቤት አይጣራም! ዝም ተብሎ ይገባል!»

«ለቅሶ ቤት ለቅሶ ሲሰማ ነው። ይኸው ዝም ብሏል። ዝም ያለ ቤት ይጣራል።» ድጋሚ ወደ ሣሩ ዞረ። «ቤቶች!»

ከታክሲ መስኮት አንድ ረዳት ወገቡ ድረስ ወጥቶ «ወንድም፣ አስፋልቱን ካርታ አውጥተህበታል እንዴ?» ብሎ ጮኸ። አንድ ፒክ አፕ ከቢኒ ክርን በጣት ርቀት አለፈ፤ ሸሚዙ ከነፋሱ ጋር ተነሣ። እሱ አልተነቃነቀም። በአክብሮት ይጠብቃል። ከላይ፣ ከጊዮርጊስ በኩል፣ አንድ የአሸዋ መኪና መብራቱን እያበራ ሲወርድ አየሁ። ያ መኪና በዚያ ቁልቁለት ላይ እንደማይቆም ማንም የፒያሳ ልጅ ያውቃል።

የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለቀቅሁት። የእግረኛውን መንገድ በሩጫ አቋርጬ ሣሩ ላይ ወጣሁና ወደ እሱ ዞርኩ። በሕይወቴ ጮኬ አላውቅም። ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ «አቤት» ስል እንኳ ሁለቴ ነበር የሚጠሩኝ። አፌን ከፈትኩ፤ መጀመሪያ የወጣው አየር ነው። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ወጣ።

«ማነው?»

ፊቱ በራ። «እኔ ነኝ! ቢኒ ነኝ!»

«ግባ! ግባ ቢኒ!»

አንድ እግሩን አነሣ። መልሶ አቆመው። «ውሻው ታስሯል?»

«ታስሯል! ታስሯል፣ ግባ!»

ገባ። የአሸዋው መኪና በነፋሱ ጀርባውን እየገረፈ አለፈ፤ ጡሩምባው እስከ ቸርችል ጎዳና ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ቢኒ አልዞረም። የሌለ ደፍ ለመሻገር እግሩን ከፍ አድርጎ አነሣ፣ የእውነተኛው ጠርዝ ድንጋይ ግን ጫማውን ያዘውና ተንገዳገደ፤ ደገፍኩት። የእግረኛው መንገድ ላይ፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ እንዳለ ሁሉ ጎንበስ ብሎ አለፈ። ሣሩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ድጋሚ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ የበሩ ቁመት ምን ያህል እንደነበረ ከማጎንበሱ አየሁ። ዝቅ ያለ በር ነበር። ከዚያ ግራውን ይዞ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደና መደብ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ተቀመጠ። ሣሩ ከጠበቀው በላይ ዝቅ ብሎበት ዱብ አለ።

እኔም ከጎኑ ተቀመጥኩ። እሱ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ማልቀስ ጀመረ። ለቅሶው የሰካራም አይደለም፤ የእብድም አይደለም። እናቱ የሞተችበት ልጅ ለቅሶ ነው። «እማማዬ! ሳልቀብርሽ! እማማዬ!»

ፊሽካ ተነፋ። የሣሩ ጥበቃ ነው፤ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ዩኒፎርማቸው የሰፋባቸው ሰው። ጋሽ ደጉ እንደሚባሉ በኋላ አወቅሁ። ዱላቸውን እያወዛወዙ መጡ።

«እናንተ! ሣሩን! ሣሩን ልቀቁ! መቀመጫ ማዶ አለላችሁ!»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ለቅሶ ነው።»

«የምን ለቅሶ? ማን ሞቶ?»

መዋሸት አልችልበትም። «ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ ናቸው። ያሳደጉት ናቸው። ሳይቀብራቸው ቀርቶ ነው። ቤታቸው እዚህ ነበር።»

«እዚህ የት?»

«እዚህ። እርስዎ የቆሙበት።»

ጋሽ ደጉ እግራቸውን አዩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ዱላቸውን ክንዳቸው ሥር ከተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ግንባራቸው ላይ የባርኔጣው መስመር ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

«ነፍስ ይማር» አሉ። ዙሪያቸውን ቃኙ፤ አለቃቸውን የሚፈልጉ መሰለኝ። ከዚያ «ብቻውን ያልቅስ እንዴ?» ብለው ከቢኒ ማዶ ተቀመጡ።

ቢኒ ቀና ብሎ አያቸው። «ጋሽ ተሰማ! መጡልኝ?» ጋሽ ተሰማ ማን እንደሆኑ እኔም አላውቅ፣ ጋሽ ደጉም አያውቁ። ሰውዬው ወደ እኔ አዩ፤ በአንገቴ እሺ ይበሉት አልኩ።

«መጣሁ ልጄ።»

«ለምን አልጠራችሁኝም?»

ጋሽ ደጉ ትንሽ አሰቡ። «ማን ይንገር ልጄ? ሰው ሁሉ የት እንዳለ ሳይታወቅ።»

ቀጥላ የመጣችው ማስቲካና ሶፍት የምታዞር ሴት ናት። ካርቶኗን ሣሩ ዳር አስቀመጠች፣ ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ገባችና ተቀመጠች። ከዚያ ታክሲ ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ወጣቶች። ከዚያ ሎተሪ አዟሪው፣ ሎተሪውን ደረቱ ላይ አቅፎ። አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው ቆሞ ሲያይ ቆየና ቦርሳውን ዘርግቶ ተቀመጠበት።

እስከዚህ ድረስ ደኅና የሆንን መስሎኝ ነበር። አልሆንንም። ቢኒ በድንገት ለቅሶውን አቁሞ ጆሮውን ወደ ሣሩ ደፋ። «አልሞተችም» አለ። «ታች ናት። ትጣራለች። አፈር ደፍተውባት ነው!» በጥፍሩ ሣሩን መቦጨቅ ጀመረ። ትንፋሹ አጠረ፤ ከንፈሩ ሲገረጣ አየሁ። ስልኬን አወጣሁ፤ አምቡላንስ ልጠራ ነው፤ ጣቴ ቁጥሩን መንካት አቃተው። የሣሩ ቁርጥራጭ በጋሽ ደጉ ጫማ ላይ ይወድቃል። ደመወዛቸው የሚከፈላቸው ለዚያ ሣር ነው። አንድ ቃል አልተናገሩም።

ሶፍት ሻጯ ሁለቱንም እጆቹን ያዘች። «ልጄ፣ እኔን እይ። እኔን። ስሟን ማን አልክ?»

«ዘነቡ።»

«ዘነቡ ማን?»

«ዘነቡ... ዘነቡ ይመር።»

«አገሯ?»

«ቡልጋ።» ትንፋሹ አሁንም አጭር ነው።

«ምን ትሠራ ነበር?»

«ቆሎ ትሸጣለች። ማታ ማታ ሱፍ ትቆላለች። የእኔን ዩኒፎርም በዚያ ነው የገዛችው።»

«ምን ትወድ ነበር?»

ቢኒ አሰበ። ማሰቡን ሁላችንም አየነው፤ ከሩቅ አገር ዕቃ ተሸክሞ እንደሚመጣ ሰው። «ሰው» አለ። «ሰው ስትወድ! መንገደኛ ጠርታ ነው የምታበላ። በሯን አትዘጋም ነበር።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ለማልቀስ የፈለገችው ይህን ማወቅ ነበር። ዓይኗን ጨፍና፣ ከወገቧ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች፣ ቀጭን በሆነ ድምፅ አወጣችው፦

«ስንቱን ያጎረሰች፣ ስንቱን ያለበሰች፣
ሣር ላይ አስለቀሰች፣ ቤቷ ስለፈረሰች።»

«ወይኔ!» አሉ ጋሽ ደጉ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ለማን እንዳለቀሱ አላውቅም። የራሳቸው ሰው ትዝ ብሏቸው ይሆናል። ሎተሪ አዟሪው አለቀሰ። ክራቫት ያሰረው ሰው መነጽሩን አወለቀ። እኔም አለቀስኩ፣ አባቴ ሲሞት ያላለቀስኩት ሰውዬ። ቢኒ በሴትየዋ ጉልበት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ትንፋሹ ረዘመ፤ ረዘመ፤ ተስተካከለ።

አሁን የምጽፈውን በጥንቃቄ ነው የምጽፈው። ቤቱን አየሁ ብል እዋሻለሁ። ቤት አላየሁም። ያየሁት ይህን ነው። ሣሩ በአራቱም በኩል ክፍት ነው፤ አጥር የለውም። የመጣ ሰው በፈለገበት ሊገባ ይችላል። ነገር ግን ከኋላ የመጡት ሁሉ፣ ከላይ የመጣውም ከታች የመጣውም፣ ዞረው ቢኒ በገባበት በዚያች አንዲት ቦታ ነበር የሚገቡት። በጎን አቋርጦ የገባ አልነበረም። ተቀምጠው የነበሩትም በአራት ማዕዘን ነው የተቀመጡት፤ ጀርባቸውን ለአንድ ነገር እንዳስደገፉ፣ መግቢያውን ለቀው። ማንም «እዚያ በር አለ» አላላቸውም። ጸጉሬ ቆመ። ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲህ ቆሞ አያውቅም።

ዶክተር ሰብለ ስትደርስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው የሮጠችው። ለቀስተኞቹን አይታ ደነገጠች። «ሞተ?» አለችኝ በከንፈሯ ብቻ። «የለም» አልኳት። በገባንበት ገብታ ተንበረከከችና የቢኒን አንጓ ያዘች። ሐዘንተኞቹ የሟች ዘመድ መስላቸው «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሏት። ዓይኗን ከሰዓቷ ላይ ሳታነሣ «አሜን፣ አሜን» አለች።

ቢኒ ቀስ በቀስ ወደ እኛ መጣ። መጀመሪያ የተቦጨቀውን ሣር አየ። ከዚያ ጥፍሩን። ከዚያ ሰዎቹን አንድ በአንድ።

«እነዚህ ሰዎች ማን ናቸው?» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።

«ለቀስተኞች።»

«የማን?»

«የእማማ ዘነቡ።»

«ያውቋታል?»

«አንዳቸውም።»

ከዚያ እየተንገዳገደ ተነሣ፤ እኔና ዶክተሯ በሁለት በኩል ደገፍነው። የሐዘን ባለቤት እንደሚያደርገው፣ መግቢያው አጠገብ ቆመ። የሚወጣውን ሁሉ በሁለት እጁ እየጨበጠ «ብድር መላሽ ያድርገኝ፤ በደግ ይመልስልኝ» አለ። ሶፍት ሻጯ አንገቱ ላይ ስማው ካርቶኗን አነሣች። ጋሽ ደጉ ባርኔጣቸውን አድርገው ፊሽካቸውን ከደረታቸው ላይ አስተካከሉና መጨረሻ ላይ ወጡ። ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱ።

«አርባቸው መቼ ነው?» አሉ።

ቢኒን ያን ምሽት ክሊኒክ አሳደርነው፤ በደኅና ወጣ። ከእሱ ጋር የጀመርነው ቃለ መጠይቅ ከጥናቱ ተሰረዘ። ትክክል ነው፤ እኔም እሰርዘው ነበር። ቴምብሩን ደግሞ አላመሰግነውም፤ ልጁን መኪና መሃል ያቆመው እሱ ነው፣ ልቡን ሊያቆመው የደረሰውም እሱ ነው። ቢኒ ራሱ «የዚያን ቀን ሁለቴ ሞቼ ነበር፣ ለሦስተኛው ጉልበት የለኝም» ይላል። እስካሁን አልነካውም፤ ነገን ለእሱ እተዋለሁ።

እኔን የቀየረኝ ግን አለ፤ እናንተም ይህን ያነበባችሁት ለዚያ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በፊት ሰዎችን የምጠይቃቸው ምን እንዳዩ ነበር። ግድግዳው ተነፈሰ? ቀለም ሰማህ? ስንት ሰዓት ቆየ? አሁንም እጠይቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ በፊት አንድ የጨመርኩት ጥያቄ አለ፦ በዚያ ሰዓት አጠገብህ ማን ነበር? ብዙዎቹ «ማንም» ይሉኛል። ያኔ ብዕሬን አስቀምጣለሁ። መናገር እንደማልወድ ታውቃላችሁ፤ ግን ያኔ እናገራለሁ። ስልክ ቁጥሬን እሰጣቸዋለሁ። እናንተም ሰው እናንተ የማታዩት ደጅ ላይ ቆሞ ሲጣራ ብታገኙት፣ ደጁ መኖር አለመኖሩን ከመሟገታችሁ በፊት መኪና እየመጣ እንደሆነ እዩ። ከዚያ መልሱለት። ድምፃችሁ ከየት እንደሚመጣ አትጨነቁ።

የእማማ ዘነቡ አርባ የዋለው እሑድ ነበር። ቢኒ ብቻዬን አልሄድም ስላለኝ አብሬው ሄድኩ። ከከተማ ወጣ ያለ ኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ አግዳሚ ተደርድሮ ነበር። የእማማ ልጅ ቢኒን ስታየው ጮኻ አቀፈችው፤ ሁለቱም ተላቀሱ፤ ስለመቅረቱ አንድ ቃል አልተነሣም። ተቀመጥን። ገና እጃችንን ሳንታጠብ ጋሽ ደጉ ገቡ። ዩኒፎርማቸውን ሳይሆን ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ስንት ታክሲ ቀይረው እንደመጡ ጫማቸው ይናገራል።

ልጅቷ ተነሥታ ተቀበለቻቸው። ፊታቸውን ደጋግማ አየች፤ አላወቀቻቸውም። የመንደሩን ሰው ሁሉ ታውቃለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ» አለች፤ «እናቴን በምን ነበር የሚያውቋት?»

ጋሽ ደጉ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩ።

«ጎረቤታቸው ነኝ» አሉ።

ልጅቷ ሌላ አልጠየቀችም። ከእኛ አልፋ፣ ከፊት ከነበሩት የድሮ ጎረቤቶች መሃል፣ ሰዎቹን ጠጋ ጠጋ አድርጋ ጋሽ ደጉን አስቀመጠቻቸው።